አንዱን መቁጠር፣ ብዙውን መመዘን፦ የአቶም አወቃቀርና አይሶቶፕ ደረጃ በደረጃ

ኬሚስትሪ ለሚጀምሩ ተማሪዎች ሁሌም የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች። "በተፈጥሮ የሚገኝ አንድ የመዳብ አቶም ስንት ኒውትሮን አለው?" ተማሪው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ያያል። መዳብ፣ 29፣ 63.546። ወደ 64 ያጠጋጋል፣ 29 ይቀንሳል፣ "35!" ይላል። ፊቱ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለም።

ችግሩ፣ 35 ኒውትሮን ያለው መዳብ ከመሬት ተቆፍሮ አይወጣም። በተፈጥሮ ያለው መዳብ ወይ 34 ነው፣ ወይ 36። መሃሉ ባዶ ነው። ልጁ መቀነስ አላቃተውም፤ 64 ሲቀነስ 29 በእርግጥም 35 ነው። የሳተው ሌላ ቦታ ነው። የሚቆጠረውን ከሚመዘነው ጋር አደባልቆታል።

እንደኔ እንደኔ በዚህ ምዕራፍ የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚችው ይመነጫሉ። ስለዚህ በየደረጃው አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን አንድ አቶም ውስጥ እየቆጠርኩ ነው ወይስ ብዙ አቶሞችን እየመዘንኩ? የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ካልኩሌተር አጠገባችሁ ይሁን። ምሳሌዎቹን በዓይን ብቻ አትለፏቸው፤ አብራችሁ ሥሩ።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ቅንጣቶች በሥራቸው ለዩ

ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ነው። ኒውትሮን ቻርጅ የለውም። ፕሮቶንና ኒውትሮን መሃል ላይ፣ ኒውክለስ በሚባለው ጠባብ ቦታ ተፋፍገው ይቀመጣሉ። ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ናቸው።

ይሄን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። የሚረሳው የሥራ ክፍፍላቸው ነው። ፕሮቶን የአቶሙ መታወቂያ ነው። 6 ፕሮቶን ካለው ካርቦን ነው፣ 7 ከሆነ ናይትሮጂን ነው፤ ድርድር የለም። ኒውትሮን ክብደት ይጨምራል፣ እርስ በርስ የሚገፋፉትን ፕሮቶኖች አንድ ላይ ለማቆየትም ያግዛል፤ የንጥረ ነገሩን ስም ግን አይቀይርም። ኤሌክትሮን ደግሞ የአቶሙ ጠባይ ነው። ከማን ጋር እንደሚጣመር፣ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚቀበል የሚወስነው እሱ ነው።

ወደ ሚዛኑ ስንመጣ፣ አቶምን በግራም መመዘን አይመችም፤ ከነጥብ በኋላ የዜሮ መዓት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ኬሚስቶች አቶማዊ የመጠነ ቁስ አሃድ የሚባል ትንሽ መለኪያ አላቸው። እዚህ በአጭሩ "አሃድ" እለዋለሁ። ፕሮቶን 1.0073 አሃድ ነው። ኒውትሮን 1.0087። ኤሌክትሮን 0.00055 ብቻ፤ ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ያህል ያንሳል። በቆጠራ ላይ ኤሌክትሮን እኩል ድምፅ አለው፣ በሚዛን ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል።

መጠኑን በዓይነ ህሊናችሁ ለማየት ኒውክለሱን 1 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ አስቡት፣ የእርሳስ ጫፍ የምታህል ነጥብ። በዚህ ልክ አቶሙ ራሱ እስከ 100 ሜትር ስፋት ሊኖረው ይችላል። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል፣ መሃሉ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተከመሩ ኳሶች፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀለበቶች፣ ገጹ ስለማይበቃ እንጂ እውነቱ እንዲያ ሆኖ አይደለም።

ታሪኩን በአጭሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው በ1897 ነው። ኧርነስት ራዘርፎርድ፣ አብረውት የሚሠሩት ጋይገርና ማርስደን አልፋ ቅንጣቶችን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፈጣን ቅንጣቶች) በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ሲተኩሱ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ መመለሳቸውን አይቶ፣ በ1911 ኒውክለስ የሚባል ነገር መኖር አለበት አለ። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ሲደበቅ ቆይቶ በ1932 በጄምስ ቻድዊክ ተያዘ። ይቺን የመጨረሻዋን ዓመት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ደረጃ 2፦ የሰንጠረዡን አንድ ሳጥን ማንበብ

እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚጻፍ ከሰንጠረዥ ሰንጠረዥ ይለያያል። "የላይኛው ነው" ብላችሁ የሸመደዳችሁ ከሆነ ፈተና ላይ ሌላ ዓይነት ሰንጠረዥ ሲመጣ ጉድ ይፈላል። በቦታው ሳይሆን በመልኩ ለዩት።

ሙሉ ቁጥሩ አቶማዊ ቁጥር ነው። የፕሮቶን ቆጠራ ስለሆነ ነጥብ ሊኖረው አይችልም፤ ግማሽ ፕሮቶን የለም። ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ አማካይ አቶማዊ መጠነ ቁስ ነው። እሱ የሚዛን ውጤት ነው። አንዳንድ ሳጥኖች ላይ፣ ለምሳሌ ቴክኒሺየም ላይ፣ በነጥቡ ቦታ በቅንፍ የተከበበ ሙሉ ቁጥር ታያላችሁ። ይሄ የሚሆነው ንጥረ ነገሩ የተረጋጋ፣ ማለትም በራሱ የማይፈርስ፣ አይሶቶፕ (በኒውትሮን ብዛት የሚለይ የንጥረ ነገሩ ዓይነት፤ ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን) ስለሌለው፣ አማካይ ከማውጣት ይልቅ የአንዱን አይሶቶፕ ቁጥር ስለሚጽፉ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ወደ 18 እና 19 ቁጥር ውሰዱ። አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10። ቁጥር 18 ከቁጥር 19 ይከብዳል! በክብደት ቢደረደሩ ኖሮ ፖታሲየም ኒዮንና አርጎን ካሉበት ዓምድ፣ አርጎን ደግሞ ከሶዲየም ሥር ይገባ ነበር። ያ ደግሞ ከጠባያቸው ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ቴሉሪየምና አዮዲንም እንዲሁ ናቸው፦ 127.60 እና 126.90።

ይሄን እንቆቅልሽ የፈታው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ነው። በ1913 ከየንጥረ ነገሩ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካና ትክክለኛው አሰላለፍ በክብደት ሳይሆን በአቶማዊ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር። ሰንጠረዡ ዛሬ የሚደረደረው እንግዲህ በቆጠራ ነው።

ደረጃ 3፦ ኒውትሮንን ማግኘት

ፕሮቶንና ኒውትሮን ተደምረው የሚሰጡት ቁጥር የመጠነ ቁስ ቁጥር ይባላል፤ ክፍል ውስጥ "ማስ ነምበር" የምንለው። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። "መጠነ ቁስ" የሚል ቃል ስላለበት ሚዛን ይመስላል። አይደለም፤ ቆጠራ ነው። ኒውክለሱ ውስጥ ስንት ቅንጣት አለ? አለቀ። ሁሌም ሙሉ ቁጥር ነው፣ ሁሌም ስለ አንድ አቶም ነው።

ስለዚህ፦

የኒውትሮን ብዛት = የመጠነ ቁስ ቁጥር − አቶማዊ ቁጥር

የመጠነ ቁስ ቁጥሩን ከሰንጠረዡ አታገኙትም። ጥያቄው ራሱ ሊነግራችሁ ይገባል። ካርቦን-14 ሲል 14ቱ እሱ ነው። ወይም ከምልክቱ በስተግራ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ የላይኛው የመጠነ ቁስ ቁጥር፣ የታችኛው አቶማዊ ቁጥር።

ካርቦን-14፦ 14 − 6 = 8 ኒውትሮን። ዩራኒየም-235፦ 235 − 92 = 143። ዩራኒየም-238፦ 238 − 92 = 146። ሁለቱን ዩራኒየሞች የሚለያዩአቸው ሦስት ኒውትሮኖች ብቻ ናቸው።

ጥያቄው "ካርቦን-14" ሳይል "ካርቦን" ብቻ ብሎ ኒውትሮን ቢጠይቃችሁስ? በጥብቅ ካየነው ጥያቄው ጎዶሎ ነው፤ የትኛው ካርቦን? ብዙ መምህራን "በብዛት የሚገኘውን አይሶቶፕ ውሰዱ" ማለታቸው ነው። ለካርቦን 12.011ን ወደ 12 ማጠጋጋት ይሠራል፣ ምክንያቱም ከመቶው 99 የሚጠጋው ካርቦን-12 ነው። ለመዳብ ግን እንዳየነው ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። ብሮሚንም ወጥመድ ነው። አማካዩ 79.90 ስለሆነ ሁሉም 80 ይላል፤ በተፈጥሮ ያለው ግን ብሮሚን-79 እና ብሮሚን-81 ነው፣ ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል ድርሻ።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሮንና አዮን

አቶሙ ቻርጅ ከሌለው ኤሌክትሮኑና ፕሮቶኑ እኩል ነው። ቻርጅ ካለው አዮን ይባላል፣ ሂሳቡም እንዲህ ነው፦

የኤሌክትሮን ብዛት = የፕሮቶን ብዛት − ቻርጅ

ምልክቱን ከነቁጥሩ አስገቡት። ካልሲየም-40 ቻርጁ +2 ከሆነ 20 − 2 = 18 ኤሌክትሮን። ክሎሪን-37 ቻርጁ −1 ከሆነ 17 − (−1) = 18 ኤሌክትሮን። "ፕላስ ስለሆነ ልደምር" የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ቆም በሉ። ፖዘቲቭ የሆነው አግኝቶ ሳይሆን ጎድሎበት ነው፤ የጎደለው ደግሞ ኔጌቲቩ ኤሌክትሮን ነው። ፕሮቶን ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ስሙ ራሱ ይቀየር ነበር።

አሁን በተቃራኒው እንሂድ። 16 ፕሮቶን፣ 18 ኒውትሮን፣ 18 ኤሌክትሮን ያለው ማን ነው? በቅደም ተከተል ሥሩት። መጀመሪያ ፕሮቶን፦ 16፣ ድኝ ነው፤ መታወቂያው ታየ። ቀጥሎ 16 + 18 = 34፣ ድኝ-34። በመጨረሻ 16 − 18 = −2። መልሱ ድኝ-34 ሆኖ ቻርጁ −2።

ልብ ካላችሁ የካልሲየሙ አዮን፣ የክሎሪኑ አዮን፣ ይሄ የድኝ አዮንና ቻርጅ የሌለው አርጎን ሁሉም 18 ኤሌክትሮን አላቸው። በኤሌክትሮን ብዛት ንጥረ ነገርን መለየት አይቻልም የምለው ለዚህ ነው። ሰው ልብስ ሲቀያየር ስሙ አይቀየርም።

የኤሌክትሮን አደራደርን እዚህ በዝርዝር አልገባበትም። ለመጀመሪያዎቹ 20 ንጥረ ነገሮች 2፣ 8፣ 8፣ ከዚያ የቀረው ብላችሁ ሙሉ። ክሎሪን 2፣ 8፣ 7 ይሆናል። ሰባተኛውን ወደ ስምንት ለመሙላት አንድ ይፈልጋል፤ −1 የሆነው በዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ አይሶቶፕ

አይሶቶፕ ማለት ፕሮቶናቸው እኩል ሆኖ ኒውትሮናቸው የሚለያይ አቶሞች ናቸው። መታወቂያቸው አንድ፣ ክብደታቸው የተለያየ።

ቃሉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፍሬድሪክ ሶዲ ነው፣ በ1913። ስሙን ያወጣችለት ግን ማርጋሬት ቶድ የምትባል ሐኪም ናት። ከግሪክ ቃላት የመጣ ሲሆን "አንድ ቦታ" እንደማለት ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ሳጥን ይጋራሉና። አሁን 1932ን አስታውሱ። አይሶቶፕ የሚለው ስም ኒውትሮን ከመገኘቱ 19 ዓመት በፊት ነው የወጣው! ሰዎቹ ክብደቱ የሚለያይ አንድ ንጥረ ነገር እንዳለ ያውቃሉ፣ ልዩነቱን የሚያመጣውን ግን ገና አላዩትም። ዛሬ እኛ በአንድ መስመር ትርጉም የምናልፈው ነገር ለእነሱ ሁለት አሥርት ዓመት የሚጠጋ እንቆቅልሽ ነበር።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከሃይድሮጂን የተሻለ የለም። ተራው ሃይድሮጂን አንድ ፕሮቶን ብቻ ነው፤ ኒውትሮን የለውም። ዲዩቴሪየም አንድ ኒውትሮን ይጨምራል። ትሪቲየም ሁለት። ሦስቱም 1 ፕሮቶን ስላላቸው ሦስቱም ሃይድሮጂን ናቸው። ዲዩቴሪየምን ያገኘው ሃሮልድ ዩሪ ለዚሁ ሥራው በ1934 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከ10,000 የሃይድሮጂን አቶሞች አንድ ወይም ሁለቱ ዲዩቴሪየም ናቸው፤ ማንኛውም ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አለ ማለት ነው።

በዲዩቴሪየም ብቻ የተሠራ ውሃ ከባድ ውሃ ይባላል። እውነትም ይከብዳል፤ ከተራው ውሃ በ11 በመቶ ገደማ። የሚረጋው በ0 ሳይሆን በ3.8 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። በጣም ደስ የሚለኝ ግን በረዶው ነው። ሁለት የበረዶ ቁራጮች፣ አንዱ ከተራ ውሃ፣ አንዱ ከከባድ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ተራ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሏቸው። በዓይን ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። የመጀመሪያው ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይሰጥምና ብርጭቆው ሥር ይተኛል። ኒውትሮን በዓይን አይታይም፤ እዚህ ግን ሥራው ይታያል።

የሃይድሮጂን አይሶቶፖች ልዩነት እንዲህ የሚጎላው ከአንድ ወደ ሁለት መሄድ ክብደትን እጥፍ ስለሚያደርግ ነው። ከ235 ወደ 238 ሲሆን ግን ጭማሪው ከመቶ አንድ ብዙም አይዘልም። በኬሚካላዊ ጠባያቸው አይሶቶፖች ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ጠባይ የኤሌክትሮን ጉዳይ ነውና።

አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። "አይሶቶፕ" ሲባል ብዙ ሰው ጨረር ትዝ ይለዋል። አይሶቶፕ መሆን ራዲዮአክቲቭ መሆን፣ ማለትም ጨረር እያወጡ መፍረስ፣ አይደለም። እያንዳንዱ አቶም የሆነ ንጥረ ነገር አይሶቶፕ ነው፤ ካርቦን-12 ራሱ አይሶቶፕ ነው። ካርቦን-12 እና ካርቦን-13 የተረጋጉ ናቸው፣ ካርቦን-14 አይደለም። ቆርቆሮ አሥር የተረጋጉ አይሶቶፖች አሉት። ፍሎሪን፣ ሶዲየም፣ አሉሚኒየምና ወርቅ አንድ አንድ ብቻ።

ደረጃ 6፦ አማካዩን ማስላት

እስካሁን ቆጠርን። አሁን ሚዛኑን እናውጣ።

አማካይ አቶማዊ መጠነ ቁስ ተራ አማካይ አይደለም። ክሎሪን ሁለት አይሶቶፖች ስላሉት 35ን እና 37ን ደምራችሁ ለሁለት ብትካፈሉ 36 ይመጣል። ሰንጠረዡ ግን 35.45 ይላል። ለምን? ድርሻቸው እኩል ስላልሆነ።

ቀመሩን ከመሸምደድ በፊት 100 የክሎሪን አቶሞችን አስቡ። ወደ 76 ገደማው ክሎሪን-35 ናቸው፣ 24ቱ ክሎሪን-37። አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጧቸው፦

76 × 35 = 2,660
24 × 37 = 888
ድምር 3,548፣ ለ100 ሲካፈል 35.48

ቀመሩ ይሄው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የእያንዳንዱን ክብደት በድርሻው አባዙ፣ ደምሩ። መቶኛው መጀመሪያ ለ100 ተካፍሎ ከገባ መጨረሻ ላይ ማካፈል አያስፈልግም።

35.48 ወደ 35.45 ቢጠጋም ልክ አልመጣም። የቆጠራ ቁጥሮችን እንደ ሚዛን ቁጥር ስለተጠቀምን ነው። የክሎሪን-35 ትክክለኛ ክብደት 34.969 አሃድ፣ የክሎሪን-37 ደግሞ 36.966 ነው። ድርሻቸው 75.76 እና 24.24 በመቶ፦

34.969 × 0.7576 = 26.493
36.966 × 0.2424 = 8.961
ድምር 35.454፣ ማለትም 35.45

ክብደቱ ከቆጠራው ለምን ያነሰ መሰላችሁ? ይሄ ከትምህርቱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የካርቦን-12ን ቅንጣቶች ለየብቻ መዝኑ። 6 ፕሮቶን፣ 6 ኒውትሮንና 6 ኤሌክትሮን ሲደመሩ 12.099 አሃድ ገደማ ይሆናሉ። አቶሙ ተገጣጥሞ ሲመዘን ግን በትክክል 12 ነው። በትክክል የሆነው አሃዱ ራሱ የካርቦን-12 አንድ አሥራ ሁለተኛ ተብሎ ስለተተረጎመ ነው። 0.099ኙ የት ገባ? ቅንጣቶቹ ሲተሳሰሩ ኃይል ሆኖ ወጥቷል። አይንስታይን መጠነ ቁስና ኃይል አንድ ናቸው ያለው ነገር እዚህች ቅናሽ ውስጥ ተቀምጧል። ሙሉው ከክፍሎቹ ድምር ያነሰ!

አይሶቶፑ ሦስት ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ማግኒዚየም፦

23.985 × 0.7899 = 18.946
24.986 × 0.1000 = 2.499
25.983 × 0.1101 = 2.861
ድምር 24.306

ሰንጠረዡ ላይ 24.305 ታያላችሁ፤ የመጨረሻዋ አሃዝ የተዛባችው የእያንዳንዱን ብዜት ውጤት ከመደመራችን በፊት ስላጠጋጋን ነው።

መልሳችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ አማካዩ ከቀላሉ አይሶቶፕና ከከባዱ መሃል መውደቅ አለበት። ለማግኒዚየም 27 ወይም 2,430 ከወጣላችሁ የሆነ ቦታ መቶኛ አልተካፈለም ወይም ድርሻ ተዘልሏል። ሁለተኛ፣ አማካዩ ብዙ ድርሻ ወዳለው መጠጋት አለበት።

ደግሞ ይሄን አትርሱ፦ 35.45 አሃድ የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም። አማካይ የቤተሰብ ብዛት 4.6 ነው ቢባል 0.6ኛውን ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት አንዞርም።

ደረጃ 7፦ ከአማካዩ ወደ ድርሻ መመለስ

ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ይሄን ይወዱታል። አማካዩና ክብደቶቹ ተሰጥተው ድርሻ ይጠየቃል። ወደ መዳባችን እንመለስ። መዳብ-63 ክብደቱ 62.930፣ መዳብ-65 ክብደቱ 64.928፣ አማካዩ 63.546።

የመዳብ-63ን ድርሻ "ሀ" በሉት። ሁለቱ ድርሻዎች ተደምረው 1 ስለሚሆኑ የሌላው 1 − ሀ ነው። ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ነው። ሁለት የማይታወቅ፣ አንድ እኩልታ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል፤ ሁለተኛዋ እኩልታ ግን ይቺ "ድምሩ 1 ነው" የምትለው ናት።

62.930 × ሀ + 64.928 × (1 − ሀ) = 63.546
64.928 − 1.998 × ሀ = 63.546
1.998 × ሀ = 1.382
ሀ = 0.692

መዳብ-63 69.2 በመቶ፣ መዳብ-65 30.8 በመቶ።

አቋራጭ መንገድም አለ። ሁለቱን አይሶቶፖች አንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ አስቀምጡ፣ አማካዩ ዘንጉ የሚመዛዘንበት ነጥብ ነው። የዘንጉ ርዝመት 1.998። ነጥቡ ከከባዱ ጫፍ የሚርቀው 1.382። የቀላሉ ድርሻ ይሄ ርቀት ለጠቅላላው ሲካፈል ነው፦ 1.382 ÷ 1.998 = 0.692። ከከባዱ በራቀ ቁጥር ቀላሉ ይበዛል። እኔ ለራሴ መልስ ለማረጋገጥ ሁሌ የምጠቀመው በዚህ ነው፣ እስክሪብቶም አያስፈልገው።

ደረጃ 8፦ መሣሪያው የሚያየውን ማየት

እነዚህ ድርሻዎች ከየት መጡ? ማስ ስፔክትሮሜትር ከሚባል መሣሪያ። አቶሞቹ አዮን ይደረጋሉ፣ በኤሌክትሪክ ይፈጥናሉ፣ ከዚያ በማግኔት መንገዳቸው ይጠመዘዛል። ቀላሉ ብዙ ይጠመዘዛል፣ ከባዱ ትንሽ። የተለያየ ቦታ ያርፋሉ፣ ማን ስንት እንደሆነ ይቆጠራል። ፍራንሲስ አስተን በ1919 የዚህን መሣሪያ ቀደምት ዓይነት ሠርቶ የብዙ ንጥረ ነገሮችን አይሶቶፖች ለየበት፤ በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤልን ወሰደ።

አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ የክሎሪን ጋዝ ሞለኪውል ሁለት አቶም ነው። መሣሪያው ውስጥ ቢገባ ስንት ዓይነት ሞለኪውል ይታያል፣ በምን ጥምርታ? ድርሻውን ሦስት ሩብና አንድ ሩብ አድርጉት።

35 ከ35 ጋር፣ 70 ይሆናል፦ ¾ × ¾ = 9/16። 37 ከ37 ጋር፣ 74፦ ¼ × ¼ = 1/16። 35 ከ37 ጋር፣ 72፦ ¾ × ¼ = 3/16፣ ግን ይሄ ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ 35 ቀጥሎ 37፣ ወይም በተገላቢጦሹ። ስለዚህ 6/16። ጥምርታው 9፦6፦1። እጥፉን የሚረሳ ሰው 9፦3፦1 ይጽፋል። ድርሻዎቹን ቢደምራቸው ኖሮ 13/16 ላይ ቆመው ያጋልጡት ነበር።

ስለ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፖች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግማሽ ዕድሜ ማለት ካሉት አቶሞች ግማሾቹ ወደ ሌላ የሚለወጡበት ጊዜ ነው። የካርቦን-14 5,730 ዓመት ነው። ሁለት ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ አያልቅም፤ ሩብ ይቀራል። አንድ አሮጌ እንጨት ውስጥ ከመነሻው ካርቦን-14 አንድ ስምንተኛው ብቻ ከቀረ ሦስት ግማሽ ዕድሜ አልፏል፦ 3 × 5,730 = 17,190 ዓመት። ዊላርድ ሊቢ በ1960 ኖቤል የተሸለመው በዚህ የዕድሜ መለኪያ ዘዴ ነው።

እጃችሁን አፍታቱ

መልሱን ሳታዩ ሥሩ።

ሀ) 26 ፕሮቶን፣ 30 ኒውትሮን፣ 23 ኤሌክትሮን ያለው ማን ነው?

ለ) የቦሮን አይሶቶፖች 10.013 እና 11.009 አሃድ ናቸው፤ አማካዩ 10.81። የቀላሉ ድርሻ ስንት ነው?

ሐ) ብር በሰንጠረዡ 47ኛ ሲሆን አማካዩ 107.87 ነው። በተፈጥሮ የሚገኝ አንድ የብር አቶም ስንት ኒውትሮን አለው?

መልስ። ሀ) ብረት-56፣ ቻርጁ +3። ለ) 11.009 − 10.81 = 0.199፣ ዘንጉ 0.996፣ ሲካፈል 0.20፤ ሃያ በመቶ። ሐ) 108 ብላችሁ 47 ቀንሳችሁ 61 ያላችሁ ከሆነ መዳቡ በድጋሚ ይዟችኋል። ብር-107 51.84 በመቶ፣ ብር-109 48.16 በመቶ ነው። መልሱ ወይ 60 ነው፣ ወይ 62።